የ17-ኦኤችፒ ናሙና እንዳይበላሽ፦ አብሮ በሚወለድ የአድሬናል ዕጢ ችግር ስቴሮይድ ሆርሞኖችን ለመለካት ዝርዝር መመሪያ

ውጤቱ «ከፍ ያለ» ብሎ ይመጣል። ሐኪሙ ወረቀቱን ያገላብጣል። ደሙ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ አልተጻፈም። ሕፃኑ ያኔ የስንት ሰዓት ዕድሜ እንደነበረው አይታወቅም። ከሃይድሮኮርቲሶን መርፌ በፊት ይሁን በኋላ ማንም አያስታውስም። ቤተሰቡም ያንን ሁሉ ብር ከፍሎ ልጁን እንደገና ያስወጋል።

ነገሩ በአብዛኛው የሚበላሸው ደሙ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማሽኑ ይልቅ ዝግጅቱ ላይ ብዙ ይቆያል። የተጻፈው ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶችና ለጠቅላላ ሐኪሞች ነው።

የምናተኩረው በሲኤኤች ላይ ነው። አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶል ለመሥራት የሚያስፈልገው ኢንዛይም ሲጎድል የሚመጣ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። ከታማሚዎቹ 95 በመቶ ገደማ የሚጎድላቸው 21-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። እሱ ሲጎድል 17-ሃይድሮክሲፕሮጀስትሮን፣ በአጭሩ 17-ኦኤችፒ፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ዋናው መለኪያችን እሱ ነው።

ከሁሉም በፊት፦ ሕፃኑ በጠና ታሞ ከሆነ

አንድ ሁለት ሳምንት የሞላው ጨቅላ ያስመልሰዋል፣ አይጠባም፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ይዝላል። ሶዲየሙ ዝቅ፣ ፖታሲየሙ ከፍ፣ ስኳሩ ዝቅ ብሏል። ይህ የጨው ማጣት ቀውስ ሊሆን ይችላል። ውጤት አትጠብቁ።

1. ደም ሥር ስትከፍቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ደም በቀይ ክዳን ቲዩብ ያዙ።
2. ወዲያው በሐኪም ትእዛዝ ሃይድሮኮርቲሶን ይሰጥ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተለመደው የመጀመሪያ መጠን 25 ሚሊ ግራም ነው። ለጨቅላ በሰውነት ስፋት ሲሰላ በካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ይሆናል።
3. ኖርማል ሳላይንና ግሉኮስ ይጀመር።

ደም አልገኝ ካለ መርፌው ይቅደም። በክላሲክ (በከባዱ ዓይነት) ሲኤኤች 17-ኦኤችፒ መነሻው በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ አንድ መርፌ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያጠፋውም። በኋላ ውሰዱና መርፌው ከተሰጠ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ሃይድሮኮርቲሶን እያለ ደግሞ ዴክሳሜታዞን አትምረጡ፤ ጨው የመያዝ ሥራ የለውም።

ወንዶቹን በተለይ አስቡ። ሴት ልጅ ስትወለድ ብልቷ የተለየ መልክ ስለሚኖረው ሰው ይጠይቃል። ወንዱ ግን ደህና መስሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአገራችን ለሁሉም ጨቅላ የሚደረግ የሲኤኤች ልየታ ስለሌለ፣ በተቅማጥ ወይም በኢንፌክሽን ስም ታክሞ ሊሞት ይችላል። የሚያስመልስ ወንድ ጨቅላ ፖታሲየሙ ከፍ ካለ 17-ኦኤችፒ ይታዘዝለት።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትለኩ ወስኑ

- ጨቅላ ላይ ሲኤኤች ከጠረጠራችሁ፦ 17-ኦኤችፒ፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ግሉኮስ። ከተቻለ ኮርቲሶልና አንድሮስቴንዲዮን (አድሬናል የሚያመርተው የወንዴ ሆርሞን ዓይነት)።
- የደም ግፊቱ ከፍ ካለ፦ 11-ዲኦክሲኮርቲሶልን ጨምሩ። 11-ቤታ-ሃይድሮክሲሌዝ ሲጎድል የሚጠራቀመው እሱ ነው። እዚያም 17-ኦኤችፒ በመጠኑ ከፍ ስለሚል ብቻውን ያሳስታል።
- ያለጊዜዋ የብብትና የብልት ፀጉር ያወጣች ልጅ፣ ወይም የወር አበባዋ የተዛባና ፊቷ ላይ ፀጉር የበዛባት ወጣት፦ የጠዋት 17-ኦኤችፒ፣ አንድሮስቴንዲዮንና ቴስቶስትሮን።

ብልቱ ግልጽ ላልሆነ ጨቅላ ውጤቱ እስኪመጣ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» አትበሉ። የክሮሞሶም ምርመራም ይታዘዝ። አንዴ የተነገረውን ቃል ከቤተሰብና ከሰፈር መመለስ ከባድ ነው።

ደረጃ 2፦ መጠየቂያ ወረቀቱን ሙሉ

እባካችሁ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ያለ እነዚህ መረጃዎች ቁጥሩ ምንም አይነግርም።

1. *ሰዓት።* «2፡00» ብላችሁ ከጻፋችሁ የእኛ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል። ናሙናው ውጭ አገር ላለ ላብ ከተላከ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ከጠዋቱ 2፡00 በኢትዮጵያ፣ 08፡00 በዓለም አቀፍ» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።
2. *የልደት ቀንና ሰዓት።* መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ነው የተወለደው። ፎርሙ ላይ 05/01/2018 ብቻ ከሰፈረ ኮምፒውተሩ የሰባት ዓመት ልጅ ያደርገዋል። የትልቅ ልጅ መደበኛ ወሰንም ያወጣለታል። የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ለጨቅላ ዕድሜውን በሰዓት ጨምሩ።
3. *የእርግዝና ሳምንትና የልደት ክብደት።* ያለጊዜው የተወለዱና የታመሙ ሕፃናት ሲኤኤች ሳይኖርባቸው 17-ኦኤችፒያቸው ከፍ ይላል። የሚነበብበት ወሰን የተለየ ነው።
4. *ስቴሮይድ።* ለሳንባው ብስለት እናትየው ከመውለዷ በፊት ቤታሜታዞን ወይም ዴክሳሜታዞን ወስዳ ከሆነ የሕፃኑ ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላል። ሕፃኑ የወሰደውንም ከነሰዓቱ ጻፉ።
5. *ቅባትና ቫይታሚን።* ትልልቅ ልጆችንና ወጣቶችን በግልጽ ጠይቁ። አንዳንዱ ፊት ማፍኪያ ክሬም ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት፤ ቆይቶ የአድሬናልን ሥራ ያዳፍናል። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰድ ባዮቲንም እንዲሁ ይጠየቅ። በባዮቲን የሚሠሩ ኪቶች ላይ 17-ኦኤችፒን፣ ቴስቶስትሮንንና ኮርቲሶልን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ቢያንስ ለ2 ቀን ይቁም፤ መጠኑ ብዙ ከሆነ ከዚያም በላይ። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብቻ ብትሏት «አልወስድም» ትላለች። ክሬምና ቫይታሚን መድኃኒት አይመስላትም።
6. *የወር አበባ ቀንና የእርግዝና መከላከያ።*
7. *ስም።* ጨቅላው ገና ስም ስላልወጣለት «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ይመዘገባል። ከሳምንት በኋላ ስም ይወጣለትና ውጤቱ ባለቤት ያጣል። የካርድ ቁጥር ይኑር። መንታ ከሆኑ አንደኛና ሁለተኛ ተብሎ ይለይ። የሁለት ሰው ስልክ ያዙ፤ አንደኛው ሲጠፋ ሌላው ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ምረጡ

*ጨቅላ።* ከተወለደ 48 ሰዓት ካለፈው በኋላ ውሰዱ። በመጀመሪያው ቀን 17-ኦኤችፒ በጤነኛውም ላይ ከፍ ያለ ነው። ጨቅላ ገና የቀንና የሌሊት ዑደት ስለሌለው ጠዋት ማታ አትጨነቁ።

*ልጆችና አዋቂዎች።* ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት። ይህ ጥብቅ ነው። ሆርሞኑ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ቀላሉ የሲኤኤች ዓይነት ደህና መስሎ ያልፋል። ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦች ሁለት መኪና ቀይረው ረፋድ ላይ ይደርሳሉ። ቀድማችሁ ደውሉላቸውና ከተማ አድረው በማለዳ ይምጡ። ካልሆነም ደረጃ 7 ላይ ያለውን ምርመራ ቀጠሮ ያዙላቸው።

*የወር አበባ የምታይ።* ደሙ በመጣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ። እንቁላል ከወጣ በኋላ እንቁላል እጢዋ ራሷ 17-ኦኤችፒ ታመርታለች።

ከተበላሸ፦ 48 ሰዓት ሳይሞላ ተወስዶ ከፍ ካለ ድገሙት። እስከዚያ ግን ሶዲየምና ፖታሲየሙን እየተከታተላችሁ ልጁን አትልቀቁት።

ደረጃ 4፦ ደሙን ውሰዱ

*ከደም ሥር*

1. ጄል የሌለው ቀይ ክዳን ቲዩብ ተጠቀሙ። አንዳንድ ጄል ስቴሮይድን ይመጥጣል፣ የማስ ስፔክትሮሜትሪ ንባብንም ያውካል።
2. ቀዩን ቅድሚያ፣ ሐምራዊውን መጨረሻ ሙሉ።
3. ከሐምራዊው ወደ ቀዩ ደም በጭራሽ አትገልብጡ። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል) ፖታሲየም አለበት። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ፖታሲየም ከፍ ማለቱን ነው። በሐሰት ከፍ ያለውን እውነት አድርጎ ማከም ሌላ አደጋ ነው።

ከተጠራጠራችሁ ካልሲየሙን እዩ። ፖታሲየም በጣም ከፍ ብሎ ካልሲየም ባልተጠበቀ ሁኔታ ከወረደ ኢዲቲኤ ገብቷል። ሴረሙ ቀላ ካለ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ፈንድተዋልና ፖታሲየሙ አይታመንም።

*ከተረከዝ፣ በማጣሪያ ወረቀት*

1. ተረከዙን ለጥቂት ደቂቃ በሞቀ ጨርቅ አሙቁ። እጃችሁ ላይ ሞክሩት፤ የሚያቃጥል አይሁን።
2. በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ፤ ይድረቅ።
3. የተረከዙን የታች ጎን ወጉ፣ መሐሉን አይደለም። ላንሴቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይግባ።
4. የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ፋሻ አንሱት።
5. ትልቅ ጠብታ እስኪሠራ ጠብቁ፤ አትጭመቁ። ወረቀቱን አንዴ ነካ አድርጉትና ክቡ በሁለቱም ገጽ እስኪሞላ ይምጠጥ።
6. በተሞላው ክብ ላይ ሌላ ጠብታ አትጨምሩ።
7. አግድም አስተኝታችሁ ከ3 እስከ 4 ሰዓት በጥላ አድርቁ። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ፀጉር ማድረቂያም አይነካው። ሳይደርቅ አትደራርቡት።

ከሐምራዊ ቲዩብ በሲሪንጅ ቀድቶ ወረቀት ላይ መጣል ሥራ ያቀላል ብለው የሚያደርጉት አሉ። አይደረግም። በዩሮፒየም የሚሠሩ የልየታ ኪቶች ላይ ኢዲቲኤው 17-ኦኤችፒን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ቤተሰቡ በከንቱ ይደነግጣል።

ደረጃ 5፦ ለዩ፣ አስቀምጡ፣ ላኩ

ቀዩ ቲዩብ ለ30 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይርጋ። ከዚያ ሴንትሪፊውጅ አድርጉና ሴረሙን በሁለት ትንንሽ ቲዩብ ከፋፍሉት። አንዱ ይላካል፣ አንዱ ፍሪዘር ውስጥ በ-20 ዲግሪ ይቀመጣል። ከዚያች ከሁለተኛዋ ቲዩብ በኋላ ሌላ ሆርሞን መለካት ይቻላል፤ ልጁ እንደገና አይወጋም። ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ አይፈቀድም። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ወረቀቱ ላይ አስፍሩት።

ሬኒን (የጨው ሚዛንን የሚያሳይ የኩላሊት ምርት) እና ኤሲቲኤች (አድሬናልን የሚያነቃቃ የአንጎል ዕጢ ሆርሞን) አብረው ሲታዘዙ ሁለቱንም በረዶ ውስጥ መክተት የተለመደ ስህተት ነው።

- *ኤሲቲኤች፦* ቀድሞ በቀዘቀዘ ሐምራዊ ቲዩብ፣ በረዶ ውስጥ፣ ቶሎ ሴንትሪፊውጅ፣ ቶሎ ፍሪዘር።
- *ሬኒን፦* ሐምራዊ ቲዩብ፣ በክፍል ሙቀት፤ ከተለየ በኋላ ፕላዝማው በፍጥነት ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። በረዶ ውሃ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ካቆያችሁት ያልነቃው ፕሮሬኒን ይነቃና ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። ሐኪሙም ያላስፈለገውን ፍሉድሮኮርቲዞን (ጨው የሚያስይዝ መድኃኒት) ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ ማሽኑ ላይ

በየትኛው ዘዴ እንደለካችሁ ውጤቱ ላይ ይጻፍ። ኢሚኖአሴይ (በፀረ-አካል የሚለካ ዘዴ) ከሆነ ለጨቅላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨቅላ ከማኅፀን ይዞት የመጣው የአድሬናል ክፍል 17-ሃይድሮክሲፕሬግኔኖሎን ሰልፌትን የመሰሉ ስቴሮይዶች ያመርታል። ፀረ-አካሉ እነዚህን ከ17-ኦኤችፒ አይለያቸውም። ሁለት መፍትሔ አለ፦ ሴረሙን መጀመሪያ በኦርጋኒክ ሟሟ ማጣራት፣ ወይም በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ታንደም ማስ ስፔክትሮሜትሪ ማረጋገጥ። ሁለተኛው ይመረጣል።

በማስ ስፔክትሮሜትሪ ለምትሠሩም ማስጠንቀቂያ አለ። 11-ዲኦክሲኮርቲሶል፣ 21-ዲኦክሲኮርቲሶልና ኮርቲኮስትሮን የሞለኪውል ክብደታቸው አንድ ነው። 17-ኦኤችፒና 11-ዲኦክሲኮርቲኮስትሮንም እንዲሁ። ኮለኑ (ስቴሮይዶቹን የሚለያየው ቱቦ) በጊዜ ካልለያያቸው ማሽኑ አንዱን በሌላው ስም ያነባል። ንጹሕ ስታንዳርዶቹን ለየብቻ አስገቡና በየስንት ደቂቃው እንደሚወጡ ሳታረጋግጡ የታማሚ ናሙና አትጀምሩ።

ውጤቱ ከማሽኑ ጣሪያ ካለፈ «ከ20 በላይ» ብላችሁ አትልቀቁ። በኪቱ ማቅጠኛ አቅጥኑና እውነተኛውን ቁጥር አውጡ። 25 ከሆነና 250 ከሆነ የሚወሰደው እርምጃ አንድ አይደለም። ከእንዲህ ያለ ናሙና ቀጥሎ የተነበበውንም ድገሙት፤ ቅሪት ተሻግሮ ሊሆን ይችላል።

*ኮርቲሶል አያታላችሁ።* ሲኤኤች ያለበት ሕፃን የሚያጠራቅማቸው 21-ዲኦክሲኮርቲሶልና 11-ዲኦክሲኮርቲሶል በአንዳንድ ኢሚኖአሴይ ኮርቲሶል መስለው ይነበባሉ። ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። «ኮርቲሶሉ ደህና ነው» ተብሎ ሕክምና የዘገየበት ልጅ ሊሞት ይችላል። ኤሌክትሮላይቱና የልጁ ሁኔታ ከኮርቲሶል ቁጥር ይቅደሙ።

ደረጃ 7፦ የኤሲቲኤች ማነቃቂያ ምርመራ

የጠዋቱ ውጤት መሐል ላይ ሲያርፍ የሚደረግ ነው። በቀውስ ላይ ላለ ሕፃን ሕክምና እያዘገዩ አይሠራም።

1. መድኃኒቱን ሳጥኑ ላይ አንብቡ። አጭሩ ኮሲንትሮፒን መሆን አለበት። «ዴፖ» የሚለው ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።
2. መጠኑ፦ ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ 250 ማይክሮ ግራም፣ ከዚያ በታች 125 ማይክሮ ግራም። ለጨቅላ ብዙዎች በኪሎ 15 ማይክሮ ግራም አስልተው ይሰጣሉ።
3. ካኑላ አስገቡ። የመጀመሪያውን ደም ውሰዱ፤ ቲዩቡ ላይ «0» ብላችሁ ወዲያው ጻፉ።
4. መድኃኒቱን በደም ሥር ስጡና ስልካችሁ ላይ 60 ደቂቃ ሙሉ።
5. በ60ኛው ደቂቃ 17-ኦኤችፒና ኮርቲሶል ውሰዱ። «60» ብላችሁ ጻፉ።

ከተበላሸ፦ የ«60»ው ውጤት ከ«0»ው ካነሰ ቲዩብ መቀያየሩን ጠርጥሩ። ሁለቱም ቁጥር እኩል ከሆነ መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን፣ አምፑሉ መበላሸቱን፣ ወይም ልጁ ስቴሮይድ ላይ መሆኑን ጠርጥሩ። 60ኛው ደቂቃ ካለፋችሁ የተወሰደበትን ደቂቃ በትክክል ጻፉ፤ «60» ብላችሁ አታስተካክሉት።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን አንብቡ

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 100 ናኖግራም በዴሲ ሊትር ነው፣ ወደ 3 ናኖሞል በሊትርም ይሆናል። 9 የሚል ቁጥር በአንዱ ላብ ብዙ ነው፣ በሌላው ትንሽ።

ለልጆችና ለአዋቂዎች በማለዳ የተወሰደ፦

- ከ2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች፦ ቀላሉ ዓይነት ሲኤኤች የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።
- ከ2 እስከ 10፦ ወደ ደረጃ 7።
- ከ10 በላይ፣ በተለይ ከማነቃቂያ በኋላ፦ የ21-ሃይድሮክሲሌዝ ጉድለትን ይደግፋል።
- ከ100 በላይ፦ ክላሲኩ ዓይነት።

እነዚህ ወሰኖች በአብዛኛው የመጡት ከኢሚኖአሴይ ዘመን ነው። በማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚገኘው ቁጥር ዝቅ ይላል። ጠርዝ ላይ ያለ ውጤት በአንድ ቁጥር አይወሰን። 21-ዲኦክሲኮርቲሶል ከተገኘ በጣም ይረዳል፣ ምክንያቱም ለዚህ ጉድለት የተለየ ምልክት ነው። ካልሆነ የሲዋይፒ21ኤ2 ጂን ምርመራ።

ለጨቅላ ውጤቱን የላከላችሁ ላብ በእርግዝና ሳምንትና በክብደት የከፋፈለውን ወሰን ተጠቀሙ። 17-ኦኤችፒ በመጠኑ ከፍ ብሎ ልጁ ደህና ሲጠባ፣ ክብደት ሲጨምርና ኤሌክትሮላይቱ ልክ ሲሆን በቀናት ውስጥ ይደገማል። ሶዲየም ከወረደ ግን መደገም የለም፤ ሕክምና ይጀመራል።

ደረጃ 9፦ ሕክምና የጀመረ ልጅ ሲለካ

እዚህ የሚፈለገው ነገር ይለወጣል። 17-ኦኤችፒን ወደ መደበኛ ወሰን ለማውረድ አትሞክሩ። ወሰኑ ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ ሃይድሮኮርቲሶኑ በዝቷል ማለት ነው። ልጁ ይወፍራል፣ ቁመቱም ይቆማል። በ2018 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣው የኢንዶክራይን ሶሳይቲ መመሪያም ሆርሞኑን ጨርሶ ማፈንን አይመክርም። በማደግ ላይ ላለ ልጅ የተለመደው የቀን መጠን በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው።

1. ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ውሰዱ፣ ቢቻል ከጠዋቱ ክኒን በፊት። ለቤተሰቡ እንዲህ በሏቸው፦ «ክኒኑን ይዛችሁ ኑ፤ ደሙ እንደተወሰደ እዚሁ ይዋጣል።» ይህን ካልነገራችኋቸው «ለምርመራ» ብለው ቀኑን ሙሉ ሳይሰጡት ይውላሉ። ያ አደገኛ ነው።
2. 17-ኦኤችፒን ብቻውን አትመኑ፤ ከሰዓት ሰዓት ይዋዥቃል። አንድሮስቴንዲዮንና ቴስቶስትሮንን ጨምሩ። ወንድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራትና ከጉርምስና በኋላ ቴስቶስትሮኑ ከቆለጥም ስለሚመጣ አንድሮስቴንዲዮንን እመኑ።
3. ሃይድሮኮርቲሶን ለሚወስድ ልጅ መጠኑን ለማስተካከል ኮርቲሶል አትለኩ። የምታነቡት ክኒኑን ነው።
4. ለፍሉድሮኮርቲዞን ሬኒን፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና የደም ግፊት አብረው ይታዩ።
5. ቁመትና ክብደት በየቀጠሮው ይለካ። ጨቅላ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ በየጥቂት ወሩ። ሆርሞኑ ጥሩ መስሎ ልጁ ከዕድሜው በላይ በፍጥነት ከረዘመ ክኒኑ በትክክል እየተሰጠ እንዳልሆነ ጠርጥሩ። ጠዋት ለምርመራ ሲመጡ ብቻ በደንብ የሚሰጡ አሉ። አትቆጧቸው። ስንት ክኒን እንደቀራቸው ቁጠሩ፣ ፋርማሲ ላይ ጠፍቶባቸው እንደነበርም ጠይቁ።

ልጁ በምርመራው ቀን ትኩሳት ካለው ወይም ካስመለሰው የክትትል ደሙ ይቅርና ሌላ ቀን ይቀጠር። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው የተጨመረ ሃይድሮኮርቲሶን ነው፤ ክኒኑ ሆዱ ውስጥ ካልረጋ በመርፌ ይሰጠው። ከመሄዳቸው በፊትም የቀጣዩን ቀጠሮ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው።